መኮንኗን ምን ብለን እንጠይቃት?

[እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት፣ ዳገቱ ላይ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ። ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች፣ በለጠና ጋሹ፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።]

ጋሹ፦ ቆሞ ነው አልኩህ! ጥያቄ ቆሞ ነው የሚጠየቅ!

በለጠ፦ ጉልበቴስ?

ጋሹ፦ ጉልበትህን ምን አመጣው?

በለጠ፦ የምቆመው በሱ ነዋ።

ጋሹ፦ አንተ ሰውዬ፣ አዳራሹ በወላጅ ይሞላል። መኮንኗ ከፊት ትቆማለች። አንተ ተቀምጠህ ብታጉረመርም ማን ይሰማሃል? እጅህን ታወጣለህ፣ ትነሣለህ፣ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ።

በለጠ፦ ጉሮሮዬን ሳልነሣ ብጠርገውስ?

ጋሹ፦ ሳትነሣ ከጠረግኸው ሰው ጉንፋን የያዘህ ይመስለዋል።

በለጠ፦ ተነሥቼ ስጠርገውስ?

ጋሹ፦ ያን ጊዜ ቁም ነገር ያለህ ይመስለዋል!

በለጠ፦ ወይ ጉድ! ለካ ጉሮሮም ቦታ ቦታ አለው።

[ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ወደ ማታ አንዲት የጻባ መኮንን፣ የሠራዊቱ መልማይ ማለት ነው፣ መሀል ከተማ አዳራሽ መጥታ ዘንድሮ ትምህርት የሚጨርሱ ልጆችን ወላጆች ታነጋግራለች። የጋሹ ልጅ ሺሬልና የበለጠ ልጅ ኦድያ ከነዚሁ ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን ወለል ላይ ተጣብበው የመጡ ናቸው፤ ጭቅጭቁም የዚያን ቀን እንደ ተጀመረ ነው። ጋሹ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። በለጠ ዕድሜውን የማዘጋጃ ቤቱን አበባ ሲያጠጣ የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሆነ ሰፈሩ «በለጠ ዘግይቶ ነው የሚገባው» ይለዋል። ይበሉት! ዛሬ በለጠ ተልኮ ነው የመጣ፤ ሽማግሌ ሆኖ። የላከችው ደግሞ የጋሹ የገዛ ልጅ ሺሬል ናት። ክራቪ ልትገባ ቆርጣለች፤ ጠመንጃ ይዞ ከሚዋጋው ክፍል። ሕጉ የአባት ፈቃድ አይጠይቃትም። እሷ ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ ከበር አልወጣም» ብላለች፤ ፊት ለፊት ልትነግረው ደግሞ አፈረች፣ ፈራችም። በኛ ደንብ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው። በለጠም «ለኔ ተይው፣ በገዛ አፉ አስመርቅልሻለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ዘዴውም ተዘጋጅቷል፦ የራሱን ልጅ ሰበብ ማድረግና ሞኝ መምሰል። ኦድያ እንደሆነች ቢሮ ተቀምጬ ኮምፒውተር የምነካካበት ሥራ ነው የምፈልግ ብላዋለች። በዚህ በኩል በለጠ እንቅልፉን ይተኛል።]

በለጠ፦ አያ ጋሹ፣ አቋቋሙስ ይሁን። ምን እንደምጠይቅ ንገረኛ! ጨንቆኛል እኮ። ኦድያ ክራቪ እገባለሁ አለችኝ።

ጋሹ፦ [ብድግ ብሎ] ነገረችህ?!

በለጠ፦ ምነው ደነገጥህ?

ጋሹ፦ [መልሶ ይቀመጣል] ማን ደነገጠ? እግሬ ደንዝዞኝ ነው። መቼ ነው የነገረችህ?

በለጠ፦ በቀደም ራት ላይ።

ጋሹ፦ ራሷ? በአፏ?

በለጠ፦ በምን ትንገረኝ ታዲያ? በጆሮዋ?

ጋሹ፦ አንተስ ምን አልካት?

በለጠ፦ ሰላጣውን አቀብይኝ አልኳት።

ጋሹ፦ ተናደህ ነው?

በለጠ፦ አይ፣ ርቆኝ ነው።

[ውሸቱ እንዲህ ሳይደናቀፍ መውጣቱ በለጠን ራሱን ገረመው። የጋሹ ድንጋጤ ግን ከነከነው። ሆኖም ጋሹ በሰው ነገር ከባለቤቱ በላይ መደንገጥ ልማዱ ነውና ተወው።]

ጋሹ፦ ምንም አትጨነቅ። እኔን የመሰለ ጎረቤት እያለህ! ጻባን እንደኔ የሚያውቅ ሰው አፉላ ውስጥ የለም።

በለጠ፦ ለጥቂት ወር አይደል ያገለገልህ?

ጋሹ፦ ያኔ አዲስ ገቢ ለሆንነው ለትልልቆቹ አጭሩን ነው የሰጡን። ቢሆንም የኛ አንድ ወር የዛሬን ልጆች አንድ ዓመት ያክላል። እኔ ጄኔራል ከበላበት ድስት የበላሁ ሰው ነኝ!

በለጠ፦ አብራችሁ በላችሁ?

ጋሹ፦ እሱ ቀደመኝ።

በለጠ፦ አንተስ?

ጋሹ፦ እኔማ ድስቱን ሳጥብ ከሥሩ የቀረውን።

በለጠ፦ እህ! ታዲያ ይሄን ሁሉ እውቀት ድስት ስታጥብ ነው ያገኘኸው?

ጋሹ፦ ወጥ ቤት ያለ ሰው የማይሰማው የለም! ኮሎኔልም ቢሆን ሲርበው የሚመጣው ወደኛ ነው። በል አሁን እንለማመድ። እኔ መኮንኗ ነኝ፤ አንተ አንተ ነህ።

በለጠ፦ እኔ እኔ ነኝ።

ጋሹ፦ አዎ።

በለጠ፦ አንተ ሴት ነህ።

ጋሹ፦ መኮንን ነኝ!

በለጠ፦ ሴት መኮንን።

ጋሹ፦ እሺ፣ ሴት መኮንን ነኝ! ጠይቀኝ በቃ!

በለጠ፦ [በግድ ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ] እንደምን ዋልሽ?

ጋሹ፦ [ድምፁን ቀጠን አድርጎ] ደህና።

በለጠ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽስ ደህና ናት?

ጋሹ፦ ደህና ናት።

በለጠ፦ አባትሽስ? ወንድም እኅቶችሽስ? ክረምቱ በደህና አለፈላችሁ? አያትሽ አሉ?

ጋሹ፦ በለጠ! ወደ ጥያቄው ግባ!

በለጠ፦ ሰላምታ ሳልጨርስ? አሳዳጊ የበደለው እንድትለኝ ነው?

ጋሹ፦ እሷ እንደሆነች አትልህም! ጊዜ የላትም!

በለጠ፦ እሺ። የማን ልጅ ነሽ?

ጋሹ፦ ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?

በለጠ፦ ልጄን ለማን እንደምሰጥ ማወቅ የለብኝም? ለትዳር ስትጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል። ለጠመንጃ ስትጠየቅ ዝም ልበል?

ጋሹ፦ ጻባ አያገባትም!

በለጠ፦ ይወስዳታል አይደል?

ጋሹ፦ ይወስዳታል።

በለጠ፦ ያለብሳታል፣ ያበላታል፣ ያሳድራታል።

ጋሹ፦ አዎ።

በለጠ፦ እኛን ልትጠይቅ ስትመጣ አስፈቅዳ ነው።

ጋሹ፦ አስፈቅዳ ነው።

በለጠ፦ ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ትዳር አለ?

[አውቶቡስ መጥቶ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል። ሾፌሩ ያያቸዋል።]

ጋሹ፦ [በእጁ እያባረረ] ሂድ! ሂድ! ገና አልተዘጋጀንም!

[ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በለጠ በሆዱ ደስ አለው፤ እሱም ገና አልጨረሰም።]

ጋሹ፦ አሁን ጆሮህን ስጠኝ። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስንት ጊዜ እንደምታገለግል ነው። ክራቪ የገባች ልጅ ከቢሮዋ ልጅ ረዘም አድርጋ ነው የምትቆይ። መልማዮች ይሄን ነገር ቶሎ ብለው ነው የሚያልፉት፤ አንተ ቀስ አድርገህ ጠይቅ።

በለጠ፦ በሱስ አታስብ። ከዚያስ?

ጋሹ፦ መሀል ላይ ሐሳቧን ብትለውጥስ ትላለህ። መውጫው በር የት ነው? ማንን ነው የምታናግር? ስትገባ ሁሉም ፈገግ ይላል፤ መታየት ያለበት ልውጣ ስትል ነው።

በለጠ፦ ኦድያ ሐሳቧን አትለውጥም። ሕፃን ሆና ዓሣ አልበላም አለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልበላችም።

ጋሹ፦ አንተ ብቻ ጠይቅ። ደግሞ እዚህ ክፍል ትገባለች ብለው ሌላ ቦታ እንዳይወስዷት ዋስትናው ምንድን ነው በል። የእኅቴን ልጅ ሾፌር ትሆናለህ ብለው ወሰዱትና የት ተገኘ መሰለህ?

በለጠ፦ የት?

ጋሹ፦ ወጥ ቤት!

በለጠ፦ እንዳንተ።

ጋሹ፦ እኔ ወድጄ ነው!

በለጠ፦ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የምታዛት አለቃ ስንት ዓመቷ ነው?

ጋሹ፦ [በመኮንኗ ድምፅ] አሥራ ዘጠኝ፣ ቢበዛ ሃያ።

በለጠ፦ ልጅ?!

ጋሹ፦ አዛዥ ናት።

በለጠ፦ እኔ የወለድኳት አባቷ «ኦድያ፣ መብራቱን አጥፊው» ስላት የማትሰማኝን ልጅ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ምን ብላ ነው የምታዛት?

ጋሹ፦ እሷን ትሰማታለች። አንድ ጊዜ ከተናገረች ያበቃል።

በለጠ፦ እንግዲያው ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ።

ጋሹ፦ ምን ብለህ?

በለጠ፦ ያቺ አዛዥ እኛ ቤት መጥታ ትቀመጥልናለች ወይ?

ጋሹ፦ አይ በለጠ! ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው። ለሻባት፣ ለሰንበት፣ ቤቷ መቼ መቼ እንደምትመጣ ጠይቅ። ይሄ ነው የሚረባው።

በለጠ፦ ስትመጣስ ምን ትሠራለች?

ጋሹ፦ ትተኛለች። ስትነቃ ትበላለች። መልሳ ትተኛለች። ልብሷን ደግሞ ከነከረጢቱ በር ላይ ትዘረግፈዋለች፤ እናቷ ታጥባለች።

በለጠ፦ ጻባው ልብስ ማጠቢያ የለውም?

ጋሹ፦ አለው።

በለጠ፦ ታዲያ ሚስቴ ካሰች ምን በወጣት?

ጋሹ፦ ሚስትህም አብራ ተመልምላለች ማለት ነው።

በለጠ፦ እስከ መቼ?

ጋሹ፦ ልጅቱ እስክትጨርስ።

በለጠ፦ መሀል ላይ ሐሳቧን ብትለውጥስ?

ጋሹ፦ ካሰች? ለሷ መውጫ በር የለም። [ጣቱን ቀስሮ] ከሁሉ በላይ ግን አደራህን፣ እሺ እንዳትል!

በለጠ፦ እሺ።

ጋሹ፦ ምን አልኩህ?

በለጠ፦ እሺ እንዳልል።

ጋሹ፦ እና?

በለጠ፦ እሺ አልልም፣ እሺ።

ጋሹ፦ የኛን ሰው የፈጀው ይሄ ነው! የቢሮ ሰው ሲናገር ባይገባንም ለክብሩ ብለን እሺ፣ እሺ እንላለን። እሱ ደግሞ የተስማማን መስሎት ይጽፋል። ትንፋሽ በመሳብም እሺ እንዳትል።

በለጠ፦ [ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል]

ጋሹ፦ ይኸው! ይኸው አልክ! ይሄን ፈረንጅ ሲሰማ ምን የሚመስለው ይመስልሃል? አስም! መኮንኗ ውሃ አምጡለት ብላ ስትጮህ ጥያቄህ ገደል ይገባል!

[ከማዶ ካለው ማቆሚያ አንዲት ወታደር ትወርዳለች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ሻንጣዋ ትልቅ፣ ጠመንጃዋ ከጎኗ ይወዛወዛል። ዓይኗ በእንቅልፍ ተሞልቶ ዳገቱን ወደ ቤቷ ትያያዘዋለች። ሁለቱ ሰዎች እስክትታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።]

በለጠ፦ አያ ጋሹ።

ጋሹ፦ እ?

በለጠ፦ እኔ እንጃ። ጥያቄውስ ይጠየቅ። መመረቁን ግን አልችልም። በዚህ ጊዜ? ሳይረን እየጮኸ፣ ዜናው በየቀኑ በጦርነቱ የሞቱ ልጆች ፎቶ እያወጣ? ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ልትቆም ነው። ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር። ሂጂ ብዬ በአፌ ተናግሬ አንድ ነገር ብትሆንብኝ፣ አፌን ምን አደርገዋለሁ?

[ይሄን ያለው ጋሹን ለማጥመድ ነበር። ምነው ታዲያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ? የሱ ልጅ የምትሄደው ቢሮ አይደለም እንዴ! በለጠ በራሱ ተናዶ አፍንጫውን አበሰ።]

ጋሹ፦ [ቀልዱን ትቶ] ስማኝ ወንድሜ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ አይደለም የሚልህ ሰው ይዋሻል። ግን ልጅቱን እየው። ከመረቅሃት ልቧ ሞልቶ ትሄዳለች። ካልመረቅሃት ትቀርልሃለች። ትቀርልሃለች፤ ጠዋት ማታ እያየችህ ታጉረመርማለች፤ አርባ ዓመት ሲሞላት አባቴ ነው ያስቀረኝ ትላለች። ይሄን ትፈልጋለህ?

በለጠ፦ ብትቀርልኝ ምን አለበት? አትችልማ! ቀጭን ናት።

ጋሹ፦ አትችልም! በል እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ አገር «አትችይም» የሚላት ሰው መቼ ጠፋ? ትምህርት ቤቱም ብሏታል፣ መንገዱም ብሏታል። አንተ አባቷ ልትጨምርበት ነው?

[በለጠ ይቺን አባባል ሰምቶ ውስጡ ተነካ። ደግሞም ጥሩ አድርጎ ያዛት፤ ትጠቅመዋለች።]

በለጠ፦ ነገር ታውቃለህ። በሰው ልጅ ላይ ሲሆን ግን ለሁሉም ይቀላል። ሺሬል ብትሆንስ?

ጋሹ፦ ሺሬል? [ይስቃል] የኔዋ ቢሮ ናት። ጥፍሯን ተቀብታ፣ ስልክ ታነሣለች።

በለጠ፦ ብትልህስ ነው እኮ የምልህ። ለምሳሌ።

ጋሹ፦ ብትለኝማ ዓይኔን ሳላሽ እመርቃታለሁ!

በለጠ፦ ኧረ ተው።

ጋሹ፦ እመርቃታለሁ ስልህ!

በለጠ፦ አንደበትህ ይያዛል። ለምሳሌ እንኳን ስሟን ጠርተህ መመረቅ አትችልም።

ጋሹ፦ እኔ ጋሹ አልችልም?

በለጠ፦ አትችልም።

ጋሹ፦ ብመርቅ አንተም ያንተዋን ትመርቃለህ?

በለጠ፦ እኔማ... [ያስባል፤ ምን ይጎዳዋል? ቢሮ ለምትሄድ ልጅ ምርቃት ቢበዛላት ጥሩ ነው] እሺ፣ እመርቃለሁ።

ጋሹ፦ ተነሥ! ምርቃት ሲባል አይቀመጥም።

[ሁለቱም ይነሣሉ። ጋሹ ኮፍያውን አስተካክሎ ሁለት እጁን ወደ ሸለቆው ይዘረጋል። አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ መጥታ ልትቀመጥ ነበር፤ አይታቸው ወደ ጥላው ጥግ ፈቀቅ አለች።]

ጋሹ፦ ሺሬል ልጄ!

በለጠ፦ አቤት።

ጋሹ፦ አንተን ማን ጠራህ! አሜን በል እንጂ! ሺሬል ልጄ፣ ሂጂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

በለጠ፦ አሜን!

ጋሹ፦ የእስራኤል አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል።

በለጠ፦ አሜን!

ጋሹ፦ እግርሽን እንቅፋት አይምታው። ክፉ ዓይን አይይሽ። በሰው አገር የተወለድሽ አይደለሽም፤ አገርሽ ነው፤ ቀና ብለሽ ሂጂ።

በለጠ፦ አሜን፣ አሜን!

ጋሹ፦ በወጣሽበት በር እየሳቅሽ ግቢ! [ወደ በለጠ ዞሮ] ይኸው! አትችልም አልነበር ያልከኝ? አሁን አንተ!

በለጠ፦ [እጁን ይዘረጋል] ኦድያ ልጄ...

ጋሹ፦ ከፍ አድርገህ!

በለጠ፦ ኦድያ ልጄ! ሂጂ፣ ፈቅጄልሻለሁ! በደህና ውለሽ በደህና እደሪ። አባትሽ አፉም ልቡም ካንቺ ጋር ነው። በወጣሽበት በር ግቢ።

ጋሹ፦ አሜን! አሜን! ይሁን! ይደረግ!

[ጋሹ በምኩራብም እንዲህ ያለ አሜን ብሎ አያውቅም። ሴትዮዋም ከጥላው ሥር አሜን አለች። ሁለቱ አባቶች ተቀመጡ። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል፤ በለጠ ግን የሱ ደስታ የሚበልጥ መስሎታል።]

በለጠ፦ አያ ጋሹ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህና ልጠይቅህ። ምርቃት አንዴ ከተባለ በኋላ ይመለሳል?

ጋሹ፦ ምን ይመለሳል! የሱቅ ጫማ መሰለህ?

በለጠ፦ አባት ቆሞ፣ ስሟን ጠርቶ፣ ሰው አሜን ካለ በኋላ?

ጋሹ፦ አለቀ ደቀቀ!

በለጠ፦ እንግዲያስ እንኳን ደስ ያለህ። ሺሬል ክራቪ ገባች።

ጋሹ፦ የቷ ሺሬል?

በለጠ፦ ስንት አለህ?

ጋሹ፦ [ፈገግታው እንዳለ ደርቆ] ለምሳሌ ነው ያልከኝ።

በለጠ፦ ምሳሌዋ እኛ ቤት መጥታ አለቀሰች። አባቴን አስመርቅልኝ ብላ ሽማግሌ አድርጋ ላከችኝ። ይኸው አስመረቅሁ።

ጋሹ፦ አንተ? አንተ ሽማግሌ?

በለጠ፦ ዘግይቶ የሚገባው ሽማግሌ።

ጋሹ፦ አይሆንም! ኧረ አይሆንም! የኔዋማ ሌላ ናት! ሺሬል እኮ በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ልጅ ናት!

በለጠ፦ ሃያ ዓመት ያልሞላት አዛዥ ታወርዳታለች። አንድ ጊዜ ከተናገረች ያበቃል አላልከኝም?

ጋሹ፦ ሙቀት አትወድም! አፍንጫዋ ይደማል!

በለጠ፦ ልቧ ሞልቶ ትሄዳለቻ።

ጋሹ፦ አትችልም አልኩህ!

በለጠ፦ በዚህ አገር «አትችይም» የሚላት ሰው መቼ ጠፋ? አንተ አባቷ ልትጨምርበት ነው?

[ጋሹ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው ይነቀነቅ ጀመር። በለጠ ደነገጠ። ቀልዱ በዛ እንዴ? ስንት ዓመት የኖረ ወዳጁን አስለቀሰው? እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ።]

በለጠ፦ አያ ጋሹ። ተው እንጂ። ይቅር በለኝ።

ጋሹ፦ [ፊቱን ይገልጣል፤ የሚስቅ ነው] ኦድያ ራት ላይ ነገረችኝ ነው ያልከኝ?

በለጠ፦ ውሸቴን ነዋ! አንተን ለመያዝ የፈጠርኩት ነው!

ጋሹ፦ አልፈጠርከውም።

በለጠ፦ ምን?

ጋሹ፦ አልፈጠርከውም ነው የምልህ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳስተምርህ የዋልሁት ለጽድቅ መሰለህ? ኦድያ ልካኝ ነው! እኛ ቤት መጥታ «አባ ጋሹ፣ አባቴ ክራቪ መባሉን ከሰማ ይሞታል፤ ያለሱ ምርቃት ደግሞ አልሄድም፤ እባክህ አንተ አናግረው» አለችኝ። ቅድም ነገረችኝ ስትለኝ መሬት ተከፍታ ነው የዋጠችኝ! ራሷ ከነገረችህ እኔን ለምን ላከችኝ ብዬ!

በለጠ፦ ኦድያ ቢሮ ነው የምትገባው።

ጋሹ፦ ለአንተ።

በለጠ፦ ኮምፒውተር!

ጋሹ፦ ጠመንጃ።

[በለጠ ሸለቆውን አየ፣ አስፋልቱን አየ፣ እጁን አየ። ቅድም የተዘረጋው እጅ ይሄው ነው። ሞኝ ልምሰል ብሎ ተነሥቶ ሞኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ደግሞ በፍርሃቱ መሀል አንድ ኩራት የምትመስል ነገር ብቅ አለችበትና እሷም አናደደችው።]

በለጠ፦ የኔዋማ ሌላ ናት!

ጋሹ፦ በምን ሌላ ናት?

በለጠ፦ የኔ ናታ!

ጋሹ፦ [ሳቁ ይጠፋል] አዎ። እሱስ ልክ ነህ። የኔዋም እንደዚያው ናት።

በለጠ፦ ምርቃቱ ለቢሮ ነበር እኮ! ልቤ ውስጥ ለቢሮ ነበር!

ጋሹ፦ አፍህ ቢሮ አላለም። ፈቅጄልሻለሁ ነው ያለው። ሴትዮዋም ሰምታለች።

በለጠ፦ [ወደ ሴትዮዋ ዞሮ] እትዬ፣ ምን ሰሙ?

[ሴትዮዋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። የሰማችው ሁሉንም ነው።]

ጋሹ፦ ሁለቱ ጥጆች ተማክረው ነው። አባት አባታቸውን ተለዋወጡን። የኔዋ ወዳንተ፣ ያንተዋ ወደኔ።

በለጠ፦ አብረው ሊሄዱ።

ጋሹ፦ አብረው ሊሄዱ።

[ቁልቁል ከተማው ውስጥ ባቡር ጡሩምባውን ይነፋል። አውቶቡሱም ከላይ ሲመጣ ይታያል። አሁን የሚያባርረው ሰው የለም።]

በለጠ፦ በል አዋቂው፣ የአዳራሹ ሰዓት ደርሷል። አሁን መኮንኗን ምን ብለን እንጠይቃት?

ጋሹ፦ አላውቅም።

በለጠ፦ ምን አልክ?

ጋሹ፦ አላውቅም አልኩህ! ያ ሁሉ ጥያቄ ላንተ ልጅ ነበር። ለራሴ ሲሆን ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ምን ልበላት? ልጄን ትመልሽልኛለሽ ወይ ልበላት? ይሄን ማን ይመልሳል?

በለጠ፦ ማንም አይመልሰውም። ተነሥ። እኔ እጠይቃለሁ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።

ጋሹ፦ ምን ልትላት ነው?

በለጠ፦ ሁለቱን አንድ ክፍል፣ አልጋቸውን ጎን ለጎን ታደርጊልናለሽ ወይ እላታለሁ። አንዷ ስታንቀላፋ አንዷ እንድትነቃ። አንዷ ስትፈራ አንዷ እንድትስቅባት።

ጋሹ፦ ጻባ እንዲህ ያለ ነገር ቃል አይገባም። እምቢ ትልሃለች።

በለጠ፦ እምቢ ካለች አባት የላትም እንዴ? ፈልገን ሽማግሌ እንልክበታለን።